ቅጠሉ የለመለመበት ዓመት

እትዬ ጫልቱ ማረፏን የሰማሁት ሰበታ፣ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የደወለችልኝ ቡራዩ የምትኖረው እህቷ ናት። «ግርማ፣ እህቴ አረፈች» አለችኝ። «በምን?» አልኳት። ሰው ሲሞት ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን የጠየቅሁበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። እትዬ ጫልቱ በሕይወት ዘመኗ ያልፈራችው የአሟሟት ዓይነት አልነበረም። መብረቅ ትፈራለች፣ እባብ ትፈራለች፣ ሲኖትራክ ትፈራለች፣ ጥሬ ሥጋ ትፈራለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃ ትፈራለች። ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንዳገኛት ማወቅ ፈለግሁ። እህቷ «ተኝታ ነው። ጠዋት ሻይ ይዤላት ስገባ አልነቃችም» አለችኝ። እንቅልፍን ስትፈራ ግን ሰምቻት አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፊቴን አይተው «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ። «አለቃዬ ሞተች» አልኳቸው። አለቃዬ መሆኗ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢሆንም ሌላ ስም አልመጣልኝም።

አብረን የሠራነው ሱሉልታ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ኮረብታውን በሚጠጋበት ቦታ፣ አቶ ሰለሞን የሚባል የአዲስ አበባ ነጋዴ መሬት ተከራይቶ ነበር። አቶ ሰለሞን አንድ ጊዜ ውጭ አገር ደርሶ ሲመለስ የዘይት ወይራ የሚባል ነገር በልቡ ይዞ መጣ። የእኛ አገር ወይራ ለዱላ፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛ፣ ለማገዶ እንጂ ለዘይት አይሆንም፤ ፍሬው ቅንጣት ነው፣ የሚደሰትበትም ወፍ ብቻ ነው። የእሱ ግን ፍሬው አውራ ጣት የሚያህል፣ ተጨምቆ ዘይት የሚወጣው ነው ተባለ። እትዬ ጫልቱን የቀጠራት ለዚህ ነው። እሷ የእርሻ ትምህርት የተማረች፣ ብዙ ዘመን በችግኝ ጣቢያ የሠራች፣ የዚያው የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ናት። የአገሩን ወይራ ችግኝ ከአንገቱ ቆርጣ፣ የውጭውን ቅርንጫፍ ሰክታበት፣ በላስቲክ ጠቅልላ አያያዘችው። እግሩ የአገር ልጅ፣ ራሱ እንግዳ የሆነ ዛፍ ተገኘ።

እኔ የፓምፕ ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ዛፎቹ ከሰው ቁመት በልጠዋል። ያማሩ ዛፎች ነበሩ። ችግራቸው አንድ ብቻ ነው፣ አያፈሩም።

የመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ። «አንቺ በለኝ» አለችኝ። «እርስዎ ስትለኝ ያረጀሁ ይመስለኛል። እርጅና ደግሞ እፈራለሁ።» ቀጥላ «መዋኘት ትችላለህ?» ስትለኝ፣ ወንዝ ዳር ያደግሁ የሰበታ ልጅ ነኝና «አሳምሬ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «እንግዲያው አጥብቄ ማሰር ያለብኝ አንተን ነው። ውሃ የሚበላው የሚችለውን ነው፤ የማይችለውማ መች ይጠጋዋል» አለችና ወገቤ ላይ ገመድ አሰረችብኝ። ፓምፑን ለማየት ወደ ኩሬው በተጠጋሁ ቁጥር ያንን ገመድ እታሰራለሁ። ሌላውን ጫፍ እሷ ግንድ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ ግንዱንም ደግሞ አታምነውም፣ በእጇ ትይዘዋለች። የሰፈሩ ሰው «ግርማን በግ አደረገችው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ኩሬውን ያላየ ይስቅ። መሬቱ በጥልቁ ተቆፍሮ፣ ውሃው እንዳይሰርግ በወፍራም ጥቁር ላስቲክ የተለበጠ ነው። ያ ላስቲክ ሲርስ ሳሙና ነው። ዳርና ዳሩ ቁልቁለት፣ የሚያዝ ነገር የለው፣ የሚረገጥ የለው። አንዴ የገባ፣ ዋና ቻለም አልቻለም፣ ሲቧጥጥ ተንሸራቶ ይመለሳል፣ ሲቧጥጥ ይመለሳል፣ በመጨረሻ ይደክመዋል። እትዬ ጫልቱ ዙሪያውን በእሾህና በሽቦ አጠረችው፤ ምናልባት የወደቀ ሰው ይይዘው ይሆናል ብላ አሮጌ ጎማዎች በገመድ አስራ ወደ ውስጥ አንጠለጠለች። ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዋ ኩሬውን መዞር ነው። የምታየው የውሃውን ልክ አይደለም፤ የሚንሳፈፍ ነገር እንዳይኖር ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ትላለች፣ የግራ ጆሮዋን በሁለት ጣቷ ይዛ። ስትፈራ ሁልጊዜ ጆሮዋን ትይዛለች፣ የሚያመልጣት ይመስል። ፍርሃት ደግሞ እንደ ጉንፋን ይጋባል። እኔ የሰበታው ጀግና ብዙም ሳልቆይ ጠዋት ከእሷ ቀድሜ እየሄድኩ ውሃው ላይ ጥቁር ነገር እፈልግ ጀመር።

ከአጥራችን ማዶ የኦቦ ቶሎሳ ማሳ ነው። ኦቦ ቶሎሳ የአባቷ ጓደኛ ነበሩ። ልጃቸው ሞቶባቸው የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ፣ ሁለት በሬ ያላቸው፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ከብቶቻቸውን ነድተው ሲያልፉ አጥሩ ላይ ተደግፈው «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ዛሬስ ምን ፈራሽ?» ይሏታል።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ። ዛሬ ንፋሱን ነው የፈራሁት።»

«ትናንት አመዳዩን ነበር። ፈሪ ለእናቱ ነው፤ እናትሽ እንግዲህ የሉ።»

«ለእርስዎ እሆናለኋ!»

ይስቃሉ፣ በሬዎቻቸውን «ና ቡሬ!» ብለው ይሄዳሉ። ቡሬ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሰፊ ደረት ያለው በሬ ነው። እሷ ቡሬንም ትፈራው ነበር።

አሁን ስለ ውሃው ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የውሃ ነገር ነውና። ሰው ወይራ ውሃ አይወድም ይላል። እኔም እንደዚያ አልኳት። «አለመሞትና መውለድ ለየቅል ናቸው» አለችኝ። «ወይራ ተጠምቶም ይኖራል። ለመውለድ ግን መጀመሪያ ብርድና ጥም ይፈልጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲበርደው፣ ሲጠማው፣ መሞቻዬ ደረሰ ይልና ስለ ዘሩ ያስባል። እምቡጥ ያዘጋጃል። እምቡጡ ብቅ ሊል ሲል ውሃ ማግኘት አለበት፤ ካጣ ያራግፈዋል። ቀድሞ ካገኘ ደግሞ ይዘናጋና አበባውን ትቶ ቅጠል ያወጣል።»

«ታዲያ መቼ ነው የምናጠጣው?»

«የካቲት ሲያልቅ። እስከዚያ ማንም ፓምፑን አይነካም።»

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣ። ኩሬው የያዘው ውሃ ለአበባው ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነበር፤ አንዴ ከተለቀቀ ሌላ የለም። የጉድጓድ ውሃ አልነበረንም፤ ምንጮቹ ከጥር በፊት ነጠፉ። አቶ ሰለሞን ደግሞ ገና ኅዳር ሲብት ትዕግሥቱ አልቆ መጥቶ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ተናገራት። «ጫልቱ፣ ዘንድሮ ፍሬ ካላየሁ በግንቦት ዛፎቹን ነቅዬ መጋዘን እሠራበታለሁ። ወይራ ነው ብዬ ሐውልት አልጠብቅም።» እሷ ጆሮዋን ይዛ «እሺ» አለች። ከሄደ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዛፎቹን ከቁርጥራጭ እንጨት አንስታ ያሳደገቻቸው እሷ ናት፤ ልጅ አልወለደችም፣ ይህንንም እሷ ራሷ እንደ ቀልድ ትናገረው ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥን ውሃ ሳንሰጥ ውሃ ለማቆየት ስንለፋ ከረምን። በየዛፉ ሥር ክብ ገንዳ ቆፈርን፣ ፀሐይ እንዳይመታው ገለባ አለበስነው፣ የማይረባውን ቅርንጫፍ ቆረጥን። «ብዙ አፍ ያለበት ቤት እንስራ አይበረክትም» ትላለች ስትቆርጥ። የሰፈሩ ሴቶች ቁርጥራጩን ለወተት ዕቃ ማጠኛ ሊወስዱ ይመጣሉ፤ እሷ እያንዳንዷን ታማ እንደሆነ እየጠየቀች፣ እሾህ እንዳትረግጥ፣ ውሻ እንዳያገኛት እያስጠነቀቀች ትሸኛለች።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚያስጨንቅ መጠበቅ አላየሁም። ሌሊት ሜዳው በአመዳይ ይነጣል፣ ቀን ፀሐዩ ያነዳል። የወይራው ቅጠል ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረ፣ አረንጓዴው ወደ አመድ ተለወጠ። ከጎን ደግሞ ኩሬው ሰማዩን አንጸባርቆ ተንጣሎ ይታያል። የተጠማ ዛፍና ውሃ በአንድ አጥር ውስጥ ማየት ያስጨንቃል። ውሃው ራሱ በፀሐይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ላስቲኩ ላይ የጭቃ መስመር ይተዋል። ያንን መስመር ማየት ጠላሁ።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ሊሞቱ ነው። ለአንድ ሰዓት ብቻ ፓምፑን ላስነሳ» አልኳት። አንድ ዛፍ ሥር ተንበርክካ ገለባውን ገለጠች፣ እጇን ወደ አፈሩ ሰደደች፣ ጭብጥ አፈር አውጥታ ጨመቀችው። አልፈረሰም፤ ውስጡ እርጥበት አለው። «ገና ነው» አለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። «እትዬ፣ አንቺ ራስሽ እየተንቀጠቀጥሽ...»

«እኔ የማልፈራ መሰለህ? ሌሊት ስንት ጊዜ ገድያቸው እንደማድር አታውቅም» አለችኝ። «ግን ፍርሃቴን የሰማሁ እንደሆነ ዛሬ ይጠጣሉ፣ በመጋቢት ይመክናሉ። ፍርሃትን ማድመጥ ሌላ፣ መታዘዝ ሌላ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ሰው ያልሰማት እንደሆነ ትቆጫለች፤ ከሰማት ደግሞ ታፍራለች። አፍራ «ተነስ፣ አጥሩን እንይ» አለችኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጥር ሊያልቅ ሲል፣ እኩለ ቀን ግድም፣ ከኩሬው በኩል ጩኸት ሰማን። ሜዳው ላይ ውሃ ጠፍቶ ከብቱ ሩቅ ወርዶ ነበር የሚጠጣው። ቡሬን የውሃው ሽታ ስቦት አጥራችንን ጥሶ፣ ሽቦውን በቀንዱ ገንጥሎ ገብቷል። ስደርስ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። በአፍንጫው ያናፋል፣ የፊት እግሮቹን ላስቲኩ ላይ ይጥላል፣ ይንሸራተታል፣ ጭንቅላቱ ይጠልቃል፣ ደግሞ ይወጣል። ዓይኑ ነጭ ነጩ ብቻ ነው የሚታየው። የበሬ ፍርሃት እንደ ሰው ፍርሃት መሆኑን ያኔ አየሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ከማሳቸው እየሮጡ መጡ። «ኦቦ፣ ይቁሙ!» ብል ማን ሊሰማኝ። ጋቢያቸውን ጥለው፣ «ቡሬ! ቡሬ!» እያሉ ቁጭ ብለው ተንሸራተው ገቡ። በአንድ እጃቸው ጎማ ያዙ፣ በሌላው የበሬውን ቀንድ። ገመዱን ወረወርኩላቸው፤ በብብታቸው አሳለፉት። ሰው ተሰበሰበ፣ መጎተት ጀመርን።

«ኦቦ፣ በሬውን ይልቀቁት! እርስዎን እናወጣለን!»

«አልለቅም! አንድ በሬ ያርሳል እንዴ? ልጆቹን ምን ላበላ ነው? ብትጎትቱኝ ገመዱን እፈታዋለሁ!»

እውነታቸውን ነው። ስንጎትት እጃቸው ወደ ቋጠሮው ሄደ። ቡሬ በተፈራገጠ ቁጥር ሽማግሌው አብረው ይጠልቃሉ፤ ሲወጡ ያስላሉ፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከጎታቾቹ አንዱ አዳልጦት ለጥቂት ተረፈ። እኔ አሳምሬ እዋኛለሁ ያልኩት ዳር ላይ ቀረሁ። መግባት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ እግሬ ግን መሬቱን አልለቀቀም።

እትዬ ጫልቱ ጆሮዋን ይዛ ደረሰች። ትወድቃለች ብዬ ነበር። ውሃውን አየች። ዞር ብላ ዛፎቹን አየች፣ ብዙ አላየቻቸውም። ከዚያ ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ «ግርማ፣ ዶማ! ታችኛውን ግድብ ቁፈር!» አለችኝ።

«እትዬ፣ ውሃው ያልቃል እኮ!»

«ቁፈር አልኩህ!»

እኔና ሌሎቹ አፈሩን ስንንድ እሷ ማጭድ ይዛ፣ ገመድ ሳትታሰር፣ ያ የምትፈራው ላስቲክ ጫፍ ላይ ወጥታ ቆመች። ጎንበስ ብላ ሰነጠቀችው። ግድቡ መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ውሃው በቁልቁለቱ፣ ገለባውን እየጠረገ፣ በዛፎቹ መካከል ወረደ። ኩሬው ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ቡሬ እግሩ መሬት ነካ፤ ቆመ። ኦቦ ቶሎሳ ቀንዱ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ነበር። ላስቲኩ ላይ አፈርና ገለባ ደፍተን ሁለቱንም ጎትተን አወጣናቸው። ሰዉ እልል አለ። ሽማግሌው በጭቃ ተለውሰው የበሬውን አንገት አቅፈው ያለቅሳሉ። እሷ ከሰው ነጠል ብላ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ታስመልሳለች።

ሰው ሲበተን መጋዘን ውስጥ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። «በእናትህ ማልልኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዘንድሮ አበባ እንደማይኖር ለማንም እንዳትናገር። ያለጊዜው ጠጥተዋል፤ ቅጠል ነው የሚያወጡት። የካቲት ሲያልቅ ደግሞ የምሰጣቸው ጠብታ የለኝም። አለቀ።»

«ታዲያ ለአቶ ሰለሞን የሆነውን እንንገረው፤ ሰው ልናድን ነው እንበለው። ይገባዋል።»

«እሱ ከሰማ ሱሉልታ ሁሉ ይሰማል። ኦቦ ቶሎሳን አታውቃቸውም። የእሳቸው በሬ የእኔን ዓመት እንደበላ ከሰሙ ጎትተው አምጥተው በራችን ላይ ያስሩታል። ወግ ነው፤ ኩሩ ሰው ናቸው። ያ በሬ በራችን ላይ ከታሰረ እነዚያ ልጆች ምን ይበላሉ? ለምን አወጣነው ታዲያ?»

ማልኩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ድሮ ውሃውን ነበር የምፈራው፤ አሁን አፌን ፈራሁ። ኦቦ ቶሎሳ አጥሩን ተደግፈው «ዛፎቹ እንዴት ናቸው?» ባሉ ቁጥር ጀርባዬን ያልበኛል።

ዛፎቹማ አማረባቸው። የካቲት ሲጋመስ ጫፍ ጫፋቸው ለሰለሰ፣ በሦስተኛው ሳምንት ለምለም ቅጠል ፈነጠቀ። ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ አቧራ ሲነሳ፣ የእኛ ግቢ ብቻ አረንጓዴ ነው። መንገደኛ እየቆመ «ተባረኩ!» ይለናል። እኛ ሁለታችን ግን በየቅርንጫፉ እምቡጥ እንፈልጋለን። አንዳንዱ ላይ ጥቂት ብቅ ብሎ ነበር፤ መጋቢት ላይ ሳይፈነዳ ደርቆ፣ ሲነኩት እንደ ምስር ገለባ ረገፈ። እትዬ ጫልቱ መዳፏ ላይ ሰብስባ ዛፉ ሥር አራገፈችው።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ቶሎሳ የአገር ሽማግሌዎችና ጎረቤት አስከትለው መጡ። እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ በዚያ በጋ ከየት እንዳገኙት እንጃ። ወተት በጮጮ፣ ቅቤ በቅል ይዘዋል። ዛፎቹ መካከል ቆመው መረቁ። ቡሬን ያተረፈ ውሃ መሬቱን አለመለመው፣ ዋቃ፣ ፈጣሪ፣ ደግ ሥራን በአረንጓዴ መለሰላት አሉ። ሽማግሌዎቹ «ለምልሚ! ስፊ!» ሲሉ ሌላው ይቀበላል። ኦቦ ቶሎሳ ሣሩን እጇ ላይ አስቀመጡ፣ ቅቤውን በገዛ እጃቸው አናቷ ላይ አደረጉላት። እሷ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ቅቤው በግንባሯ እየወረደ፣ ሣሩን እንደያዘች፣ ለእያንዳንዱ ሰው «አሜን፣ አሜን» ትላለች፤ ደግሞ ፈገግ ትላለች። እኔ ማየት አልቻልኩም። ዘወር ብዬ ፓምፑን እንደሚጠግን ሰው ብሎን ፈታሁ፣ አሰርኩ። ውሃ የሌለው ኩሬ ላይ ፓምፕ እጠግናለሁ።

በግንቦት አቶ ሰለሞን መጣ። በዛፎቹ መካከል ተመላለሰ፣ ቅርንጫፍ እየሳበ አየ። «ይሄ ሁሉ ቅጠል! ፍሬው የታለ?» እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ፤ እኔን ቢጠይቀኝ ምን እል ነበር? እሷ ቀደመችኝ። «ኩሬው ግድቡ ተሸረሸረብኝ። ቀድሜ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። የኔ ጥፋት ነው» አለች። ያቺ ጠዋት ጠዋት ኩሬ የምትዞር ሴት፣ አላየሁም አለች! አቶ ሰለሞን ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙም አልጮኸባትም። «ፈሪ ናት፣ ጥንቁቅ ናት ብለውኝ ነበር የቀጠርኩሽ» አለ ብቻ። ሰደባትም ቢባል ከዚህ በላይ አይሰድባትም።

ዶዘሩ የመጣው ዝናቡ ሳይጀምር ነው። እሷ የለችም፣ አስቀድማ ዕቃዋን ጠቅልላ ቡራዩ እህቷ ጋር ገብታለች። «ማየት እፈራለሁ» አለችኝ ስንሰነባበት፤ ያኔም ጆሮዋን ይዛ ነበር። እኔ ፓምፑን ልፈታ ቀርቼ አየሁት። ሥሩ የአገሩ ወይራ ነውና ቶሎ አልለቀቀም፤ ዶዘሩ እየተመላለሰ ነው የነቀለው። የሰፈሩ ሴቶች ቅጠሉን በሸክም ወሰዱት። ኦቦ ቶሎሳ በዚያን ቀን በሬዎቻቸውን ጠምደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያርሱ ዋሉ። ወደ አጥሩ አልመጡም።

ከዚያ በኋላ እኔ ሰበታ ሥራ አገኘሁ። ቡራዩ እየሄድኩ አልፎ አልፎ እጠይቃት ነበር። የእህቷ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ችግኝ እያፈላች ለጎረቤት ታድላለች። ስሄድ በር ላይ ቆማ «አስፋልቱን ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር» ትለኛለች፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ እኮ። ስለ ዛፎቹ አንድም ቀን አላነሳችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ኦቦ ቶሎሳ ደህና ናቸው? ያርሳሉ?» አለችኝ። ያርሳሉ ስላት «እሰይ» ብላ ወደ ችግኞቿ ዞረች።

የተቀበረችው ሱሉልታ፣ ወላጆቿ አጠገብ ነው። ከቀብር ስንመለስ ድንኳን ውስጥ ኦቦ ቶሎሳን አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ሰበታ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግርማ፣ ያን ዓመት ዛፎቹ አበባ እንዳላወጡ አውቅ ነበር» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር እግሬ ላይ የወደቀ መሰለኝ። «እንዴት?» አልኩ።

«ወይራ ሥር ነው ያደግሁት፣ ልጄ። በአበባው ሰዓት ቅጠል ያወጣ ዛፍ ምን እንደሆነ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ሣሩን፣ ቅቤውን...»

«አውቄ ነው። ሽማግሌዎቹን የጠራሁት አውቄ ነው። በሰው ፊት ከተመረቀ፣ በረከት ነው ከተባለ፣ ቶሎሳ አጠፋብኝ አትልም ብዬ ነው። ቡሬን ወስጄ በሯ ላይ ማሰር ነበረብኝ። ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ፈራሁ። ማል ጎና፣ ምን ላድርግ? ፈራሁ።»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ያ ቅቤ በግንባሯ ሲወርድ ታየኝ፤ የአቶ ሰለሞን አነጋገር፣ ዶዘሩ፣ ሁሉም ታየኝ። «እሷ ግን እርስዎ እንደማያውቁ ነበር የምታምነው። እንዳያውቁ ብላ ነው ጥፋቱን የተሸከመችው» አልኳቸው። እንዲያማቸው ፈልጌ ነው የተናገርኩት።

ኦቦ ቶሎሳ «አይ፣ ገብቷታል» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቅቤውን ስቀባት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዉ እልል ሲል፣ ጎንበስ እንዳለች፣ የእጄን አንጓ ያዘችኝና በጆሮዬ 'ሂንሶዳቲና፣ ኦቦ' አለችኝ። አይፍሩ አለችኝ። እሷ፣ ጫልቱ፣ እኔን አይፍሩ አለችኝ።»

ይህን ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና፣ መርዶውን ገና እንደሰማ ሰው፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።